ምዕራፍ ሰባት፦ ማን ይፈርማል?

እስራኤልና የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት ስለ ዘላቂ ሰላም ፊት ለፊት ሲደራደሩ ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት በኤፕሪል 2014 ነው። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ጦርነት ተነሥቷል፤ ተኩስ ቆሟል፤ ታጋቾች በእስረኞች ተለውጠዋል፤ የሁለቱ ወገን የጸጥታ ኃላፊዎችም በየጊዜው ተገናኝተዋል። ድንበሩ በየት በኩል ያልፋል፣ ኢየሩሳሌም የማን ትሆናለች፣ ስደተኞቹ ወዴት ይመለሳሉ በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ግን የሚያገናኛቸው ጠረጴዛ የለም። በዚያ ዓመት ራማላ ወይም ቴል አቪቭ ውስጥ የተወለደ ልጅ መሪዎቹ ስለ ሰላም ሲደራደሩ አይቶ አያውቅም።

በየዓለም አቀፉ ጉባኤ መግለጫ ላይ ሁለቱ ወገኖች ወደ ቀጥተኛ ድርድር እንዲመለሱ ጥሪ ይቀርባል። ጥሪው ትክክል ነው፤ በሌላ መንገድ የሚመጣ ስምምነት ለእኔም አይታየኝም። ነገር ግን ችግሩ ያለው አንድ ላይ ባለመቀመጣቸው ብቻ እንደሆነ ያስመስላል። ከ1991 እስከ 2014 ድረስ በማድሪድ፣ በዋሽንግተን፣ በኦስሎ፣ በካምፕ ዴቪድ፣ በታባ፣ በአናፖሊስና በኢየሩሳሌም ተቀምጠዋል። የጎደላቸው ሌላ ነው፦ የፈረመውን ማስፈጸም የሚችል ፈራሚ፣ እንዲሁም ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ ክርክር ያለበትን መሬት ባለበት የሚያቆይ ኃይል። የድርድሩን ዕድል መመዘን የሚፈልግ ሰው በእነዚህ በሁለቱ ቢመዝን ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም ርቆ የሄደው ሙከራ ኦስሎ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። በ1992 አንድ እስራኤላዊ ከፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት ሰው ጋር መገናኘቱ ወንጀል ነበር፤ የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በ1986 ያወጣው ሕግ ይከለክላል። ድርጅቱም በቱኒዝ በስደት ላይ ሆኖ ተዳክሟል። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ መሪው ያሲር አራፋት ከሳዳም ሁሴን ጎን መቆማቸው የኩዌትንና የሳዑዲ ዓረቢያን ገንዘብ አሳጥቶታል። እስራኤልም በበኩሏ ከ1987 ጀምሮ በፍልስጤማውያን ሕዝባዊ አመፅ፣ በኢንቲፋዳው፣ ደክማለች፤ ድንጋይ የሚወረውር ወጣት በታንክ የማይሸነፍ መሆኑን ይስሐቅ ራቢን ራሳቸው በመከላከያ ሚኒስትርነታቸው አይተዋል። በማድሪድ ጉባኤ የተከፈተው ይፋዊ ድርድር ዋሽንግተን ውስጥ ዙር እየቆጠረ ቀጥሏል፤ ግን ፍልስጤማውያኑ የቀረቡት ከዮርዳኖስ ጋር በጋራ ልዑክ ስም ነበር፤ መመሪያ የሚጠብቁትም እስራኤል አላውቀውም ከምትለው ከቱኒዝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለው መወሰን አይችልም፤ መወሰን የሚችለው ክፍሉ ውስጥ መግባት አይችልም።

ይህን ቋጠሮ መፍታት የጀመሩት ሹመት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ያኢር ሂርሽፌልድና ሮን ፑንዳክ ሁለት እስራኤላውያን ምሁራን ነበሩ፤ ነገሩ ቢወጣ መንግሥታቸው አልላክኋቸውም ሊል ይችላል። በጃንዋሪ 1993፣ ክኔሴት ያንን ሕግ በሻረበት ወር፣ ከኦስሎ በስተ ደቡብ ባለችው በሳርፕስቦርግ ቦሬጎርድ በሚባል አሮጌ የባላባት ቤት ውስጥ ከነጻ አውጪ ድርጅቱ የኢኮኖሚ ጉዳዮች ኃላፊ ከአሕመድ ቁሬዕ (አቡ አላ) ጋር ተቀመጡ። ቤቱን ያዘጋጁት ፋፎ የተባለውን የኖርዌይ የጥናት ተቋም የሚመሩት ተርዬ ሮድ ላርሰን ናቸው፤ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ የምርምር ጉባኤ ነው የሚል ነበር። ኖርዌያውያኑ ሲደራደሩ ከክፍሉ ውጭ ይቆያሉ። ተደራዳሪዎቹ አብረው ይበላሉ፤ አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ ጋዜጠኛ የለም፤ ለአገር ቤት ጆሮ ተብሎ የሚደረግ ንግግርም የለም። በሜይ የእስራኤል ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኡሪ ሳቪር ሲመጡ የምሁራኑ ጨዋታ የመንግሥት ድርድር ሆነ። ኦገስት 20 ንጋት ላይ ሰነዱ የመጀመሪያ ፊርማ አገኘ።

ሴፕቴምበር 13 ቀን 1993 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ራቢንና አራፋት በዋይት ሐውስ ግቢ ሲጨባበጡ የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም የታወቀ ነው። ከፎቶግራፉ ይልቅ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት የተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች ብዙ ይናገራሉ። አራፋት እስራኤል በሰላምና በጸጥታ የመኖር መብት እንዳላት ተቀበሉ። ራቢን ደግሞ ድርጅቱን የፍልስጤም ሕዝብ ወኪል አድርገው ተቀበሉ። አንደኛው ለአገር ዕውቅና ሰጠ፤ ሌላኛው ለተወካይ። በስምምነቱ ውስጥ የፍልስጤም መንግሥት የሚል ነገር አልሰፈረም። ኢየሩሳሌም፣ ስደተኞች፣ ሰፈራዎች፣ ጸጥታና ድንበር ወደ መጨረሻ ተገፉ፤ ድርድራቸው ከሽግግሩ ሦስተኛ ዓመት መግቢያ ሳያልፍ እንዲጀመር፣ የሽግግሩ ጊዜም በአምስት ዓመት እንዲያልቅ ተባለ። ቀላሉን እየፈጸሙ ሲሄዱ መተማመን ይመጣል፣ መተማመን ሲመጣ ከባዱ ይቀላል የሚል ተስፋ ነበር።

ዛሬ ላይ ሆኖ ይህን ተስፋ ሞኝነት ነው ማለት ፍትሐዊ አይመስለኝም። በ1993 ኢየሩሳሌምን ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣ ሰው ከቦሬጎርድ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ከባዱን ማቆየት ይቻል ነበር፤ ያልተቻለው ያለ ጠባቂ ማቆየት ነው። ይህን ገና ከጅምሩ የተናገሩ ሰው ነበሩ። የዋሽንግተኑን የፍልስጤም ልዑክ የመሩት የጋዛው ሐኪም ሃይደር አብደል ሻፊ፣ የሰፈራ ግንባታ ሳይቆም የሚደረግ ድርድር የትም አይደርስም እያሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ጸንተው ነበር። የኦስሎዎቹ ተደራዳሪዎች ጥያቄውን ወደ ኋላ አሳደሩት። አብደል ሻፊም ውጤቱን ሲያዩ ስምምነቱን በግልጽ ተቹ።

አብደል ሻፊ የጠየቁት ነገር በእርሻ ድንበር ተካስሶ ለሚያውቅ የአገራችን ገበሬ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሁለት ሰዎች በአንድ ማሳ ሲከራከሩ ዳኛው አስቀድሞ እግድ ይሰጣል፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ማንም እንዳይሸጥ፣ ዛፍ እንዳይቆርጥ፣ ቤት እንዳይሠራ። እግድ መሬቱ የማን እንደሆነ አይወስንም። የሚወሰን ነገር እንዲቀር ያደርጋል እንጂ። እግድ በሌለበት ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር የሚጠቀመው መሬቱን የያዘው ነው፤ ሌላኛው ደግሞ ውሎ አድሮ ችሎት መመላለሱን እንደ ጥፋት ይቆጥረዋል።

በወረቀት ላይ እግድ ነበር። በሴፕቴምበር 1995 የተፈረመው ሁለተኛው የኦስሎ ስምምነት፣ የመጨረሻው ድርድር እስኪያልቅ ከሁለቱ ማንኛቸውም የዌስት ባንክንና የጋዛን ይዞታ የሚለውጥ እርምጃ እንዳይጀምሩ በአንቀጽ 31 ያዛል። ፍልስጤማውያን ሰፈራ መገንባት ይህን አንቀጽ ይጥሳል አሉ። እስራኤል አንቀጹ የሚመለከተው የግዛቱን ሕጋዊ አቋም ነው እንጂ ቤት መሥራትን አይደለም አለች። በመካከላቸው የሚፈርድ አልተሰየመም። ይኸው ስምምነት ዌስት ባንክን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ከፈለ፤ በእስራኤል ሙሉ ቁጥጥር ሥር የቀረው ሲ የተባለው ክልል ከጠቅላላው 60 በመቶ ያህል ነው። ለጥቂት ዓመታት ተብሎ የተደረገው ክፍፍል ዛሬም አንድ ፍልስጤማዊ በአባቱ መሬት ላይ ጉድጓድ ለመቆፈር ከማን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ይወስናል። ኦስሎ ሲፈረም ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ሳይጨምር በዌስት ባንክ የሰፈሩ እስራኤላውያን ከ100 ሺህ ብዙም አይበልጡም ነበር። አሁን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ በምሥራቅ ኢየሩሳሌም ደግሞ ከ200 ሺህ የሚበልጡ አሉ።

እስራኤላዊውም የጠየቀው እግድ ነበር፤ የእሱ የደም እግድ ነው። በፌብሩዋሪ 1994 አንድ እስራኤላዊ ሠፋሪ በኬብሮን በጸሎት ላይ የነበሩ 29 ፍልስጤማውያንን ገደለ። በዚያው ዓመት እስላማዊው የፍልስጤም ድርጅት ሐማስ በአውቶቡሶች ላይ አጥፍቶ ጠፊዎችን ማሰማራት ጀመረ፤ ዓመታት ዘለቀበት። ልጁን በአውቶቡስ ትምህርት ቤት የሚልክ የኢየሩሳሌም ነዋሪ ድርድሩ ከመጣ ወዲህ ፍርሃቱ እንደጨመረ አየ፤ የናብሉስ ነዋሪም ድርድሩ ከመጣ ወዲህ ኬላው እንደበዛ አየ። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው።

ጁላይ 2000 ላይ በካምፕ ዴቪድ የሆነውን ባጭሩ አልፈዋለሁ፤ ብዙ ተጽፎበታል። ለዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው። የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሁድ ባራቅና አራፋት በአንድ የተራራ መንደር ሁለት ሳምንት ሰንብተው በዋናው ጉዳይ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠው አልመከሩም ማለት ይቻላል፤ ቢል ክሊንተን ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው ይመላለሱ ነበር። በስሙ ቀጥተኛ የሆነ ድርድር በተግባር በአማላጅ ሊካሄድ ይችላል። ንግግሩ የፈረሰበት አንዱ ዋና ጉዳይ አሮጌዋ የኢየሩሳሌም ከተማ ናት፤ እሷም ለእኛ ሩቅ አይደለችም። ዴር ሱልጣን ገዳማችን በዚያ ቅጥር ውስጥ፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። በ1970 የፋሲካ ሌሊት የበሮቹ ቁልፍ ወደ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እጅ ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለግብፅ ኮፕቶች ይመለስ ብሎ፣ የባለመብትነቱን ጥያቄ ግን ለመንግሥት ተወ፤ መንግሥት እስካሁን አልወሰነም። በዚያች አንድ ኪሎ ሜትር ካሬ በማትሞላ ከተማ ላይ የሉዓላዊነት ለውጥ የሚያደርግ ስምምነት ሁሉ እንዲህ ያሉ ፋይሎችን ይከፍታል። አሮጌውን ከተማ በካርታ ላይ በአንድ መስመር መክፈል የሚቻል የሚመስለው ካልገቡበት ብቻ ነው።

የፈራሚውን ጉዳይ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ሴፕቴምበር 16 ቀን 2008 ኢየሩሳሌም ውስጥ የሆነው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሁድ ኦልመርት ለፍልስጤም ፕሬዚዳንት ለማሕሙድ አባስ አንድ ትልቅ ካርታ ዘረጉላቸው። እስራኤል ከዌስት ባንክ ስድስት በመቶ ያህል ትወስዳለች፤ በምትኩ ከራሷ መሬት ወደዚያ የሚጠጋ ትሰጣለች፤ ጋዛና ዌስት ባንክ በመንገድ ይገናኛሉ፤ የአሮጌው ከተማ ቅዱሳን ቦታዎች እስራኤል፣ ፍልስጤም፣ ዮርዳኖስ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና አሜሪካ ባሉበት ባለአደራ ይጠበቃሉ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ የትኛውም የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ይህን ያህል አልሄደም። አባስ ካርታውን ወስጄ ላስጠናው አሉ። ኦልመርት ካልፈረሙ አልሰጥዎትም አሉ። አባስም ወደ ራማላ እንደተመለሱ ያዩትን በማስታወሻ ወረቀት ላይ በእጃቸው ነደፉት። በማግሥቱ ባለሙያዎች እንዲገናኙ የተያዘው ቀጠሮ ተሰረዘ፤ ሁለቱም በዚህ ጉዳይ ዳግመኛ አልተቀመጡም።

ብዙ እስራኤላውያን ይህን ታሪክ አባስ እምቢ ያሉበት ቀን ብለው ያስታውሱታል፤ ፍልስጤማውያን የማይፈጸም ቃል የቀረበበት ቀን ይሉታል። እኔ የማየው የሁለት ሰዎችን እጅ ማጠር ነው። ኦልመርት በሙስና ምርመራ ምክንያት ሥልጣን እንደሚለቁ በጁላይ አስታውቀው ነበር፤ ካርታውን ባሳዩ በማግሥቱ ፓርቲያቸው ተተኪ መሪ መረጠ። አባስ ደግሞ ጋዛን ካጡ ዓመት አልፏቸዋል፤ በጁን 2007 ሐማስ ኃይላቸውን ከዚያ አባርሯል። የፍልስጤም ግማሽ የማይታዘዛቸው ሰው፣ የእስራኤል ፓርላማ የማይከተላቸው ሰው የዘረጉትን ካርታ ተመለከቱ። ካርታው መጥፎ ስለነበረ አልነበረም የቀረው።

በ2010 ደግሞ እግዱ ለጥቂት ጊዜ ኖረ፤ ፈራሚዎቹም ነበሩ፤ ጊዜው ግን ተላለፈ። ቤንያሚን ኔታንያሁ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ሳይጨምር አዲስ የሰፈራ ግንባታን ለአሥር ወር አገዱ። አባስ ምሥራቅ ኢየሩሳሌም ካልተጨመረች አልገባም ብለው ዘጠኙን ወር ያለ ቀጥተኛ ድርድር አሳለፉ። ቀጥተኛው ድርድር ሴፕቴምበር 2 ዋሽንግተን ላይ ተከፈተ፤ እግዱ ሴፕቴምበር 26 አበቃ፤ ኔታንያሁ አላራዘሙትም፤ ድርድሩም በዚያው ሞተ። ባራክ ኦባማ ያንን ያህል የለፉበት ነገር አንድ ወር አልሞላም።

ፈራሚ መሆን በእስራኤልም በኩል ዋጋው ከባድ ነው። ሁለተኛው የኦስሎ ስምምነት በክኔሴት ያለፈው 61 ለ59 በሆነ ድምፅ ነው። ወር ሳይሞላው ኖቬምበር 4 ቀን 1995 ራቢን ቴል አቪቭ አደባባይ ላይ በአንድ አይሁዳዊ አክራሪ ጥይት ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። በፍልስጤም በኩል ደግሞ አባስ በጃንዋሪ 2005 ለአራት ዓመት ተመርጠው እስካሁን ሌላ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ አልተደረገም፤ ለ2021 የተቀጠረው ምርጫም ተላለፈ። አስተዳደራቸው ለመምህራንና ለነርሶች ደመወዝ የሚከፍልበት የጉምሩክ ቀረጥ በ1994 በተፈረመው የፓሪስ ፕሮቶኮል መሠረት የሚሰበሰበው በእስራኤል እጅ ነው፤ እስራኤልም ሲያሻት ታግደዋለች። ሠራተኛው ግማሽ ደመወዝ ሲቀበል የሚጠይቀው ድርድሩ ምን አመጣልን ብሎ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲለው የምፈልገው መራራ ነገር አለ። በእነዚህ ዓመታት ቃል በቃል የተፈጸሙት ስምምነቶች ብዙዎቹ በተዘዋዋሪ የተደረጉ፣ ያውም እርስ በርስ ለመጠፋፋት በማሉ ወገኖች መካከል የተደረጉ ናቸው። በ2011 እስራኤል በሐማስ እጅ ለነበረ አንድ ወታደሯ 1,027 እስረኞችን ለቀቀች። በ2013 በተጀመረው የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጆን ኬሪ ድርድር ግን ለአባስ ቃል ከተገቡት 104 እስረኞች 78ቱ ብቻ ወጥተው የመጨረሻዎቹ 26 ቀሩ፤ አባስ በምላሹ ወደ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ፊርማ ሄዱ፤ ከሐማስ ጋር ዕርቅ አወጁ፤ እስራኤልም ድርድሩን አቆመች። በ2014 ወደ ጋዛ ተሻግሮ የቀረው ትውልደ ኢትዮጵያዊ እስራኤላዊ ወጣት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በፌብሩዋሪ 2025 አስቀሎና ወዳሉት ቤተሰቦቹ የተመለሰው በኳታር፣ በግብፅና በአሜሪካ አደራዳሪነት በተደረሰ ስምምነት ነው። ምክንያቱ ሐማስ ታማኝ ስለሆነ አይደለም። ሁለቱም የሚሰጡትን በእጃቸው ይዘዋል፤ ሰጪው ካልሰጠ በሰዓታት ውስጥ ይታወቃል። ቀጥተኛውና ሰላማዊው ጠረጴዛ እስረኛ ካላስፈታ፣ ጠመንጃው ካስፈታ፣ አንድ የጄኒን ወጣት ምን እንደሚማር ለመገመት አይከብድም። ይህ ትምህርት ነው እጅግ የሚያስፈራኝ።

ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስ በደቡብ እስራኤል 1,200 ያህል ሰዎች ገድሎ 251 ሰዎችን አገተ። በተከተለው ጦርነት ጋዛ ውስጥ የሞቱት፣ የጋዛ ጤና ሚኒስቴር እንደሚለው፣ በሁለት ዓመት ከ67 ሺህ በላይ ናቸው፤ የሚበዛው ነዋሪ ከቤቱ ተፈናቅሏል። በሁለቱም በኩል የሰላም ደጋፊ ነኝ ማለት ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ ስለ ንግድ እንደማውራት የሚታይበት ጊዜ መጣ። በጁላይ 2024 ክኔሴት የፍልስጤም መንግሥት መመሥረትን በ68 ለ9 ድምፅ ተቃወመ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ፈረንሳይ ለፍልስጤም የመንግሥትነት ዕውቅና ሰጡ። ዕውቅናው የ1993ቱን ደብዳቤዎች ጉድለት በጥቂቱ ይሞላል፤ መሬት ላይ ያለውን ግን አላንቀሳቀሰም።

ጦርነቱን በኦክቶበር 2025 ያቆመው የዶናልድ ትራምፕ ባለ 20 ነጥብ ዕቅድ በመጨረሻ ነጥቦቹ ላይ ሁለት ነገር ይላል። ጋዛ እያገገመች ስትሄድና የፍልስጤም አስተዳደር ሲታደስ የራስን ዕድል በራስ ወደ መወሰንና ወደ መንግሥትነት የሚያደርስ መንገድ ሊከፈት ይችላል፤ አሜሪካም በእስራኤልና በፍልስጤማውያን መካከል ንግግር ታስጀምራለች። የጸጥታው ምክር ቤት በኖቬምበር 2025 በውሳኔ 2803 ዕቅዱን ተቀበለ። ቀን አልተቆረጠም። አስተዳደሩ ታድሷል ብሎ የሚመሰክረው ማን እንደሆነም አልተነገረም። ኦስሎ ቢያንስ አምስት ዓመት ብሎ ነበር።

እንግዲህ ዕድሉ ምን ያህል ነው? በቅርብ ጊዜ ስለ ድንበርና ስለ ኢየሩሳሌም ቀጥተኛ ድርድር ይከፈታል ብዬ አልጠብቅም። በቀረጥ ገንዘብ፣ በመተላለፊያ በሮች፣ በጸጥታ ጉዳይ ሹማምንት ይገናኙ ይሆናል፤ እሱም አይናቅም። ግን ነገሩ እንደ ተፈጥሮ ሕግ የተዘጋ አይደለም። በ1991 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) እስራኤል ከሶቪየት ኅብረት የሚመጡ አይሁዳውያንን ለማስፈር የጠየቀችውን የ10 ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና በሰፈራው ምክንያት አዘገዩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ሻሚር ማድሪድ ሄዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ተሸነፉ፤ ዋስትናው የተሰጠው አዲስ የሰፈራ ግንባታን ለመገደብ ቃል ለገቡት ለራቢን ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ቦሬጎርድ ተከፈተ። እግድ የሚያስከብር ወገን ለአጭር ጊዜም ቢሆን ነበር ማለት ነው፤ የሆነውንም አይተናል።

ዛሬ የዚህ ፈተና ስም ኢ1 ነው። በምሥራቅ ኢየሩሳሌምና ማዓሌ አዱሚም በተባለው ሰፈራ መካከል ያለ 12 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል መሬት ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተፈራረቁ የአሜሪካ መንግሥታት እንዳይገነባ አስቁመውት ኖረዋል። በኦገስት 2025 እስራኤል 3,400 ያህል መኖሪያ ቤቶች እንዲሠሩበት አጸደቀች፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ ቤዛሌል ስሞትሪች ዕቅዱ የፍልስጤም መንግሥትን ሐሳብ እንደሚቀብር በይፋ ተናገሩ። ሰፈሩ ከተሠራ ከራማላ ወደ ቤተልሔም የሚወስደው የመሬት ትስስር ይቆረጣል። ወደ ጠረጴዛው የሚመጣ ማንኛውም የፍልስጤም ተወካይ መጀመሪያ የሚያነሣው ይህን ይሆናል። ማንኛውም የእስራኤል ተወካይም ኦክቶበር 7 እንዳይደገም ማን እንደሚይዝለት ሳይሰማ ካርታ አይዘረጋም። ለሁለቱም ጥያቄ ዛሬ በአንድ ጊዜ መልስ መስጠት የሚችል መንግሥት በዋሽንግተን ያለው ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ድርድር መጀመር አለመጀመሩም በአብዛኛው የሚታወቀው እዚያ ነው።